የበረኪና አንሶላዎች

ሴትዮዋን የሚያውቃት ሁሉ "በረኪና" ነው የሚላት። ስሙን ያወጡላት በሰው ሀገር አብረዋት የሚኖሩ የትውልድ ከተማዋ ልጆች ናቸው፤ ሲያወጡላትም በፍቅር አልነበረም። የትም ብትሄድ የበረኪና ሽታ ቀድሟት ይገባል። ደግሞ ትጸየፋለች፤ አይጣል ነው የምትጸየፈው። የበር እጀታ በክርኗ ትከፍታለች፣ አውቶቡስ ላይ ወንበር ሞልቶ ተርፎ ቆማ ትሄዳለች፣ ሰው ቤት ስትጋበዝ ብርጭቆዋን ወደ መብራቱ አንስታ ሳታገላብጥ ውኃ አትቀምስም። የቤቱ እመቤት ደሟ ይፈላል፤ ለሚቀጥለው ጊዜ ግን ያንኑ ብርጭቆ ሁለት ጊዜ አጥባ ትጠብቃታለች።

ሥራዋ የአንድ ትልቅ ሆስፒታል ልብስ ማጠቢያ ውስጥ ነበር፤ ምድር ቤት፣ መስኮት የሌለው። ማጠቢያው በግድግዳ ለሁለት የተከፈለ ነው። አንደኛው ቆሻሻው በኩል ይባላል፣ ሌላኛው ንጹሁ በኩል። ማሽኖቹ ግድግዳው መሐል ተሰክተው ሁለት ሁለት በር አላቸው፤ በዚህ በኩል የቆሸሸው ይገባል፣ በዚያ በኩል የታጠበው ይወጣል። ቆሻሻው በኩል የሚሠራ ሰው ልብሱን ሳይቀይርና እስከ ክርኑ ሳይታጠብ ወደ ንጹሁ በኩል አይሻገርም፤ ቢሻገር ይባረራል። በረኪና ያን ሁሉ ዓመት የሠራችው ቆሻሻው በኩል ነው፤ ያውም ወዳ። ንጹሁ በኩል ብትሆን የመጣላትን አንሶላ ዝም ብላ ማጠፍ ሊኖርባት ነው፤ ከየት እንደመጣ ያላየችውን ነገር ደግሞ አታምንም።

እዚያ ያየችውን ብታወራው እህል አያስበላም። ደሙና ትውከቱስ የሕመም ነው፣ ምንም አይባልም። እሷን የሚያንገሸግሻት ጤነኛው የሚጨምርበት ነው። አስታማሚው የጋጠውን አጥንት በአንሶላ ጠቅልሎ ይልካል፣ ሐኪሙ ጫማውን በትራስ ልብስ ወልውሎ ይወረውራል፣ ነርሷ መርፌ ከነደሙ እዚያው ትረሳለች። በረኪና ጓንት በጓንት ላይ ደርባ እየለቀመች፣ እየተሳደበች ትሠራ ነበር። ባልደረቦቿ ቋንቋዋን ባይሰሙም ስድቧን ለይተው ያውቁት ነበር፤ አንዳንዶቹም ጥሩ አድርገው ይጠቀሙበት ነበር።

እንዲህ ያደረጋት ግን የሰው ሀገር አይደለም። ድሮ በከተማዋ ሆስፒታል አጣቢ ሆና ስትሠራ እናቷ ታማ እዚያው ተኛች። ጊዜው የጦርነት ነበር። አንድ አልጋ ለሁለት ሰው፣ ሳሙና የሚባል የለም፣ ውኃ ሲመጣ ይመጣል ካልመጣም ይቀራል። እናቷን ያስተኟት ሌላ ሴት በሞተችበት አንሶላ ላይ ነበር፤ አንሶላው ገና አልደረቀም። እናቷ በድህነቷም ቢሆን እድፍ የማይጠጋት ሴት ነበረች። በሽታዋን ረስታ ያን አንሶላ ከገላዋ ለማራቅ ስትታገል ሰንብታ ሞተች። በረኪና አልቅሳ አልወጣላትም። ከሐዘኑ ይልቅ ያ እርጥበት ነው ሆዷ ውስጥ የቀረው። ከተማዋ ስትቃጠል ማጠቢያ ቤቱም አብሮ ጋየ፣ እሷም ከተሰደደው ጋር ተሰደደች። ስትሄድ ለራሷ የማለችው አንድ ነገር ነው፤ ተመልሼ እዚያ ግቢ ውስጥ ማጠቢያ አቆማለሁ፣ በሰው ቆሻሻ ላይ ተኝቶ የሚሞት ሰው አይኖርም። ሌላው ስደተኛ ስለ ሀገር ግንባታ ሲያወራ መንገድ ያወራል፣ ድልድይ ያወራል፣ ሲብስበትም ሥልጣን ያወራል። የእሷ ሀገር ግንባታ አንሶላ ነበር።

የከተማዋ ልጆች ማኅበር ነበራቸው። ሊቀመንበሩ የታክሲ ድርጅት ያለው፣ ሆዱ ከሱ ቀድሞ አዳራሽ የሚገባ ሰው ነው። ከአፉ ማር ይንጠባጠባል። ሀገራችን እጃችንን ትጠብቃለች ሲል ግማሹ ሰው ያለቅሳል፣ ግማሹ ያጨበጭባል፣ በረኪና ደግሞ የሊቀመንበሩን ጥፍር ታያለች። ጥፍሩ ሁልጊዜ ጥቁር ነው። ስብሰባው ተበትኖ ሁሉም ሲተቃቀፍ እሷ እጇን ኪሷ ከትታ በር በሩን ትላለች። ያም ሆኖ አንድም ስብሰባ ቀርታ አታውቅም፤ ብቻዋን ኮንቴነር መላክ እንደማትችል ታውቃለች።

የኮንቴነሩን ሐሳብ ያመጣችው እሷ ናት። የምትሠራበት ሆስፒታል አሮጌ ማሽኖቹን በአዲስ ሲቀይር አለቃዋን እግር እግሩን እየተከተለች ነዘነዘችው። አለቃዋ መጨረሻ ላይ፣ ሊገላገላትም ይሆናል፣ ገና ብዙ ዓመት የሚያጥብ አንድ ግዙፍ ማሽን ሰጣት። ከፎቁ የወረዱ አልጋዎችንና ከአገልግሎት የወጡ አንሶላዎችን ጨመረላት። አንሶላዎቹን አንድ በአንድ እንደገና አጠበች። የተቀደደውን ጣፈች፣ ሊጣፍ የማይችለውን ለሕፃናት ቀደደችው። ሊቀመንበሩ ሐሳቡን ሲሰማ በማግስቱ የራሱ አደረገው። ሕዝቡን ሰብስቦ ለሆስፒታላችን ያላችሁን አምጡ አለ።

ሕዝቡም ያለውን አመጣ። ማኅበሩ የተከራየው መጋዘን ውስጥ ተቀባይዋ በረኪና ነበረች፤ ያየችውን ያየችው እዚያ ነው። አንዷ የሟች አማቷን ፍራሽ አመጣች፣ መሐሉ ላይ የሰውዬው ቅርጽ በቢጫ ታትሞ። አንዱ አንድ እግር ጫማ አመጣ፤ ሌላኛው ሲገኝ አመጣለሁ አለ። ጊዜው ያለፈበት የሳል ሽሮፕ፣ የሚያንጠባጥብ ማቀዝቀዣ፣ ላስቲኩ የረገበ የውስጥ ሱሪ፣ ጸጉር የተጠመጠመበት ማበጠሪያ በከረጢት ሙሉ። ሌላው ደግሞ የሰው ሠራሽ ጥርስ በናይሎን ጠቅልሎ፣ ማን ያውቃል፣ ለሆነ ሰው ልክ ይመጣ ይሆናል ብሎ ሰጣት። በረኪና ናይሎኑን መልሳ ዘረጋችለት። "ይኸውልህ፣" አለችው፣ "ይሄን አፍህ ውስጥ ከትተህ ወደ ቤትህ ሂድ።" ሰውዬው ተቀይሞ ለሊቀመንበሩ ከሰሳት። ሊቀመንበሩም ሰው በፍቅር የሰጠውን መመለስ ነውር ነው ብሎ ሰበከላት። እሷ ግን ቀን ቀን እየተቀበለች፣ ሲመሽ አውጥታ ቆሻሻ መጣያ ትጥለዋለች። እንዲህ ያለ ዕርዳታ ለመላክ የሚያስብ ሰው ሆዱ ውስጥ ምን እንዳለ ስታስብ ምግብ አይወርድላትም ነበር። ወገናቸውን እንደሚወዱ በእንባ የሚናገሩት እነዚሁ ናቸው፤ ለወገናቸው የሚመርጡለት ግን ውሻ የማይተኛበትን ነው።

በዚህ ሁሉ መሐል የሚያጽናናት ታናሽ ወንድሟ ነበር። እናታቸው ስትሞት ገና ልጅ ነበር፤ እሷ ባሕር ማዶ ሆና አሳድጋ አስተምራ ነርስ አደረገችው፤ እዚያው ሆስፒታል ተቀጠረ። በሳምንት በሳምንት ይደውልላታል። "እታለም፣ ክፍሉ ዝግጁ ነው፤ አንቺን ብቻ ነው የምንጠብቀው" ሲላት የሳምንቱ ቆሻሻ ሁሉ ከላይዋ ይወርዳል። ሌላውን ሰው በሁለት ጓንት የምትይዝ ሴት ወንድሟን በባዶ እጇ ነበር የያዘችው። መጋረጃ ያስፈልገናል ሲላት መጋረጃ ገዛች። ቴሌቪዥን ሲላት በሽተኛ ቴሌቪዥን ምን ያደርግለታል ብላ ጠየቀችው፤ በሽተኛ ሕመሙን የሚያስረሳው ነገር ካገኘ ቶሎ ይድናል አላት፤ ስቃ ገዛች። ሊቀመንበሩ ለዶክተሮች ማረፊያ ነው ብሎ የቆዳ ሶፋና የሚያብረቀርቅ የእንግዳ መቀበያ ባንኮኒ ኮንቴነሩ ውስጥ ሲያስጭን ጠብ ልትፈጥር ነበር። ወንድሟ ነው በስልክ የለመናት። እዚህ ሁሉም ይፈለጋል፣ ተያቸው አላት። ተወቻቸው።

ኮንቴነሩ ሲሄድ እሷም ሥራዋን ለቀቀች፣ የኪራይ ክፍሏን አስረከበች። አለቃዋ እያመነታ እጁን ዘረጋላት፤ ለሷ ክብር ሲል አስቀድሞ ታጥቦ ነበር የመጣው። ጨበጠችው። ሀያ ምናምን ዓመት የቆየችበትን ሀገር በአንድ ሻንጣና በአንድ ካርቶን ሳሙና ጥላው ወጣች።

ወንድሟ ከነሚስቱ አውሮፕላን ማረፊያ ድረስ መጥቶ ተቀበላት። ቤቱ ሰፊ ነው፤ ለነርስ ደመወዝ ሰፋ ይላል። ሚስቱ አዲስ ፎጣ ከነመለያው ሰጠቻት፣ እታለም እታለም እያለች እንደ እንቁላል ያዘቻት። በረኪና ሆስፒታሉን ልየው ስትል ዕረፊ እንጂ ምን አስቸኮለሽ ይሏታል። ቀኑ ሲደጋገምባት አንድ ጠዋት እነሱ ሳይነሱ ወጥታ በእግሯ ሄደች።

ሆስፒታሉ ጣሪያው በአዲስ ቆርቆሮ ተሸፍኖ ግድግዳው እንደጠቆረ ነው። ገና በሩ ላይ ሽታው አፍንጫዋን መታት፤ የሽንት፣ የመግል፣ የላብ፣ ከሁሉም በላይ ታጥቦ ሳይደርቅ የተነጠፈ ጨርቅ ሽታ። ያ ሽታ ከሄደችበት ጊዜ ጀምሮ ማንም ሳይነካው ቆይቷታል። አልጋው ዛሬም ለሁለት ነው። አንሶላ ያለው ከቤቱ ያመጣ ብቻ ነው፤ የሌለው የፍራሹ ላስቲክ ላይ ይተኛል፣ ጀርባው ላስቲኩ ላይ ተጣብቆ ሲገለበጥ ድምፅ ይሰማል። ግቢው ውስጥ አንዲት ቧንቧ አለች፤ አስታማሚዎች ተሰልፈው ያጥባሉ። ያን ጊዜም ቢሆን መውጣት አላሰኛትም፤ እጇን ነው የበላት።

ዋና ነርሷ ቀጭን፣ ፊቷ የማይፈታ፣ ነጭ ልብሷ ከመታጠብ ብዛት ያለቀ ሴት ናት። በረኪና ማን እንደሆነች ስትናገር ግን ፊቷ ተፈታ። "አንቺ ነሻ እህታችን" አለቻት። እጇን ይዛ ከግቢው ጥግ ወስዳ አንድ ክፍል ከፈተችላት። ክፍሉ ኖራ ተቀብቷል። ወለሉ ላይ ለማሽኑ የሚሆን የሲሚንቶ መደብ ተሠርቷል፣ የፍሳሹ ቦይ ተቆፍሯል። በጀት ስላልነበረ ቦዩን የቆፈሩት ጥበቃዎቹና አስታማሚዎቹ በየተራ ነው። ዋና ነርሷ ስታስጎበኛት አንድ ነገር ጣል አደረገች፤ ወንድምሽ ሥራውን ከለቀቀ በኋላ እንኳ ሳይረሳን ጉዳዩን እየተከታተለልን ነው አለቻት። በረኪና ደነገጠች፣ ግን አላስነቃችም። ማታ ወንድሟን ስትጠይቀው ነግሬሽ የለ እንዴ አላት፣ ፈገግ ብሎ። የግል ሥራ እየሞከርኩ ነው አለ። ነግሯት እንደሁ ለማስታወስ ሞከረች፣ ምናልባት ረስቼው ይሆናል ብላ ለሱ ስትል ራሷን ወቀሰች።

ኮንቴነሩ በሚደርስበት ቀን ዋና ነርሷ የግቢውን በር ወለል አድርጋ አስከፍታ ጠበቀች። ነርሶቹ፣ ጥበቃዎቹ፣ መራመድ የሚችሉ በሽተኞች ሳይቀሩ ወጡ። በረኪና መሐላቸው ቆማ ልቧ እንደ ልጃገረድ ይመታ ነበር። ከባዱ መኪና ከመንገዱ ጫፍ ብቅ አለ፣ ቀስ እያለ መጣ፣ አጠገባቸው ሲደርስ ፍጥነቱን ቀነሰና ወደ ማዶ ታጠፈ። ከሆስፒታሉ ፊት ለፊት፣ ከመንገዱ ማዶ፣ ገና ቀለሙ ያልደረቀ ባለ አንድ ፎቅ ሕንፃ ነበር። በሩ ተከፈተ። በሩ ላይ የቆመው ወንድሟ ነው፤ ሾፌሩን በእጁ ወደ ኋላ ና፣ ና ይለዋል።

አጠገቧ የነበሩት ሰዎች መጀመሪያ ያልገባቸው መሰሉ። ቀጥሎ ሁሉም ዞረው እሷን አዩዋት። በረኪና መንገዱን እንዴት እንደተሻገረች አታውቅም።

ግቢው አዲስ ሸክላ ተነጥፎበታል። በመስታወቱ አሻግራ ስታይ እሷ የገዛችው ዓይነት መጋረጃ የሚሰቀልበት ብረት ተዘርግቷል፣ ባንኮኒው የሚገባበት ቦታ ተለክቶ ባዶውን ይጠብቃል።

"መኪናው ለምንድነው እዚህ የመጣው?" አለችው።

"እታለም፣ ረጋ በይ። ሰው እያየን ነው።"

ወንድሟ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ለበሽተኛ እንደሚያወራ ሰው፣ ነገሩን ያብራራላት ጀመር። ሆስፒታሉ ባለቤት የለውም አላት። ማሽኑ እዚያ ቢገባ ሳምንት ሳይሞላው ይበላሻል፣ አንሶላው ገበያ ላይ ይሸጣል። እዚህ ግን ጠባቂ አለው። ሊቀመንበሩ ድርሻውን ከፍሎ ገብቷል፤ ማኅበሩ ያውቃል፤ ለድሃ ቅናሽ ይኖራል። ለሷም ቦታ አላት፤ ከዚያ ጎድጓዳ ክፍል የሚሻል፣ ግድግዳው እስከ ጣሪያው ሸክላ የለበሰ ማጠቢያ አሠርቶላታል። ሳትጠይቀው በፊት መልሱን ያጠናው ይመስል አንድም ቦታ አልተደናቀፈም። ዓይኑን በጨው ታጥቦ ነበር የሚያወራት።

"ሌባ ይሰርቀዋል ብለህ ቀድመህ ሰረቅከው" አለችው።

"ሰርቄ አላውቅም። እህቴ የላከችውን ተቀበልኩ፤ ይሄ ሌብነት ይባላል?" አላት። ቀጥሎ ክንዷን ይዞ ወደ በሩ አዞራት። "ቀና በይና እዪ። ይሄን ሁሉ ማንን ብዬ ይመስልሻል? እማዬን ብዬ ነው።"

ቀና አለች። ከበሩ በላይ ያለውን ሰሌዳ የሸፈነው ላስቲክ ተነስቷል። የእናታቸው ሙሉ ስም በትልልቁ ተጽፎ፣ ቀጥሎ "ክሊኒክ" ይላል። ከስሙ ጎን ፎቶዋ አለ፤ በጎረቤት ሠርግ ላይ የተነሳችው፣ ሌላ ፎቶ የላትም። ፊቷን አቅልተው፣ ከንፈሯን ቀለም ቀብተው፣ እሷን የማትመስል ሴት አድርገዋታል።

ያን ሁሉ ዓመት በሰው ትውከት ውስጥ ስትሠራ አንድም ቀን አስመልሷት የማያውቅ ሴት እዚያው አዲሱ ሸክላ ላይ አስመለሳት። ወንድሟ ጫማው እንዳይነካ ዘሎ ወደ ኋላ አፈገፈገ። እጁን ሊሰጣት አላሰበም፤ መጀመሪያ ያየው ጫማውን ነው። ከዚያ የጽዳት ሠራተኛዋን በስሟ ጠራ። በረኪና አፏን በነጠላዋ ጠርጋ ይህን ሁሉ አየች፤ ከዚህ በላይ የምታየው ነገር አልነበራትም።

ወጥታ ከመኪናው ኋላ ሄደች። ሾፌሩ ወደ ግቢው ሊያስገባ ወደ ኋላ እየነዳ ነበር። በሩና መኪናው መሐል፣ ከመንገዱ ዳር ቦይ የፈሰሰ አረንጓዴ ውኃ የተኛበት መሬት ላይ፣ እግሯን ዘርግታ ተቀመጠች። ሾፌሩ ጡሩምባ ነፋ፤ አልተነሳችም። ወርዶ መጣና ምን ሆነሽ ነው አላት።

"የት አድርስ ተብለህ ነው ከወደብ የተነሳኸው?" አለችው።

ሾፌሩ ራሱን አከከ። ሆስፒታል ነበር አለ፤ መንገድ ላይ ሳለሁ ነው አንድ ሰው ደውሎ ማዶ አስገባው ያለኝ። ለኔ ሁሉም አንድ ነው፣ እናንተ ተስማሙና ንገሩኝ አለና ሲጋራውን ለኮሰ። ወንድሟ መጣ፤ ለመናት፣ ቀጥሎ ተቆጣት፣ ቀጥሎ ጥበቃውን አንሷት አለው። ጥበቃው ያሰበበት ጊዜ ትንሽ ረዘመና እስከዚያው ማዶ የነበሩት ሰዎች መንገዱን ተሻግረው መጡ። መጀመሪያ የመጡት አስታማሚዎቹ ናቸው፤ የማጠቢያውን ቦይ የቆፈሩት። አንዱ ጎልማሳ ጎንበስ ብሎ ጠየቃት፤ ውስጥ ያለው የማን ነው?

"የእናንተ ነው" አለችው።

ከዚያ ወዲያ ማንም የጠየቃት የለም። የኮንቴነሩ በር ተከፈተ። አልጋውን ለሁለት ለሁለት እየተሸከሙ መንገዱን ያሻግሩት ጀመር። አንሶላውን ሴቶቹ በራሳቸው ላይ፣ በክንዳቸው፣ በነጠላቸው እየቋጠሩ ወሰዱት። ሶፋውን አውጥተው ክሊኒኩ በር ላይ ጣሉለት። ማሽኑ ብቻ ለሰው ትከሻ አልተበገረም። ሾፌሩ የመኪናውን መስታወት አየ፣ የሰዉን ብዛት አየ፣ ሲጋራውን ረግጦ ገባና ማሽኑን እንደጫነ ወደ ሆስፒታሉ ግቢ አዞረው። ወንድሟ እህት የለኝም ብሎ ለተሰበሰበው ሰው ተናገረና የብረት በሩን ዘጋ። ሰዉ ሥራ ላይ ነበር።

በረኪና ተነስታ የራሰ ቀሚሷን ከገላዋ እያላቀቀች ተከተለቻቸው። ማሽኑ በግንድ ላይ እየተንከባለለ ገብቶ ከመደቡ ላይ ሲቀመጥ ለማየት አስታማሚዎቹን እየገፋች ገባች። ልኩ ነበር። እጇን ዘርግታ በሩን ልትከፍት ስትል ዋና ነርሷ ከኋላዋ ለረዳቶቿ ስታዝዝ ሰማች።

"አንሶላው ከነዚያ ሰዎች እጅ የመጣ ነው። እንደገና ሳይታጠብ አንድም በሽተኛ ላይ እንዳይነጠፍ።"

በረኪና ዞረች። አንድ በአንድ ያጠብኳቸው እኔ ነኝ አለቻት፤ ስለ ማዶው አላውቅም ነበር፣ በእናቴ እምላለሁ አለቻት። የእናቷን ስም ደግሞ ሁሉም ሰሌዳው ላይ አንብበውታል። ዋና ነርሷ አልጮኸችባትም። ያ የተፈታ ፊቷ ተመልሶ ተቋጥሯል።

"ይሆናል" አለች። "እናመሰግናለን። እርስዎና ቤተሰብዎ እስካሁን ያደረጋችሁልን ይበቃናል። ማጠቢያውን የኛው ልጆች ይይዙታል።"

አንቺ ብላ እጇን ይዛ ያስጎበኘቻት ሴት ናት እርስዎ የምትላት። በረኪና ራሷ ዋና ነርስ ብትሆንና የሌባ እህት እንዲህ ቆማ ብትምልላት ምን ታደርግ እንደነበር አሰበችው። በክርኗ ገፍታ ታስወጣት ነበር። ከማሽኑ በር ላይ እጇን አነሳች።

ወደ ወንድሟ ቤት የሚመልሳት ነገር አልነበረም፤ ሻንጣዋም ይቅር፣ ሳሙናውም ይቅር። ባሕር ማዶም ክፍል የላት፣ ሥራ የላት። ግቢው ውስጥ ከወዲያ ወዲህ ስትል እግሯ ቧንቧዋ ጋ አደረሳት። የአስታማሚዎቹ ሰልፍ ቀጥሏል፤ አዲሱ ማሽን እስኪገጠም ድረስ የዛሬው አንሶላ ዛሬ መታጠብ አለበት። አንዲት አሮጊት ከሳፋ ሙሉ ጨርቅ ፊት ቁጭ ብለው በደከመ ክንድ ያሻሉ። እድፉ አልለቅ ብሏቸዋል፤ ደረቅ ደም ነው፣ በሙቅ ውኃ እያጠቡት የባሰ አስይዘውታል። በረኪና ሳትጠይቃቸው አጠገባቸው ተንበረከከችና አንሶላውን ከእጃቸው ወሰደች፣ ቀዝቃዛ ውኃ ከፈተችበት። አሮጊቷ ምስጋናም ግርምትም ሳያሳዩ ሌላውን ጨርቅ አነሱ። እዚያ ቧንቧ ጋ ሰው ሰውን ማገዙ የተለመደ ነው።

ጥቂት እንዳሹ አሮጊቷ አንገታቸውን ወደሷ አዘነበሉ።

"ማን ታሞብሽ ነው ልጄ?"

በረኪና ቀና አለች። ከሆስፒታሉ አጥር በላይ የማዶው ሰሌዳ ይታያል።

"ወንድሜ" አለች።

"እግዜር ይማርልሽ።"

አሜን ማለት ነበረባት። አሮጊቷም ይጠብቁ ነበር። አሜን ማለት አቃታት፤ አንሶላውን ገለበጠችና ማሸቷን ቀጠለች።